ምድር ቤቱ ውስጥ የተኛው አየር

ያን ጊዜ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ከዚያ በፊት ዘጠኝ ዓመት በአንድ ትልቅ ቢራ ፋብሪካ፣ ማብላያ ክፍል ውስጥ ሠርቻለሁ። ሥራዬ ጋን መጠበቅ ነበር፤ ሙቀቱን መለካት፣ እርሾው መንቃቱን ማየት፣ የሚወጣውን ጋዝ መከታተል። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ልመካ ብዬ አይደለም። በኋላ የሆነውን ስትሰሙ «ምስኪን፣ ሳታውቅ ነው» ብላችሁ እንዳታዝኑልኝ ነው። አውቅ ነበር።

ፋብሪካውን ትቼ ወደ ትውልድ ከተማዬ ወደ ሐይቅ የተመለስኩት አንድ ሐሳብ ይዤ ነው። የአምባሰልን ደጋ ገብስ አብቅዬ፣ በጌሾ አምርሬ፣ በትንሽ በትንሹ የሚጠመቅ የራሳችንን ቢራ መሥራት። በየግሮሰሪው የሚገኝ ዓይነት ሳይሆን፣ ሐይቁን ሊያይ የመጣ እንግዳ ቁጭ ብሎ እየጠጣ «ይሄ ከየት ነው?» ብሎ የሚጠይቀው። አባቴ የተወልን ቤት ከሐይቁ ከፍ ብሎ ተዳፋቱ ላይ ነው። ከቤቱ ሥር በጥቁር ድንጋይ የተገነባ፣ ቀድሞ እህል ይከማችበት የነበረ ምድር ቤት አለ። አሥራ አንድ ደረጃ ወርዶ ነው የሚገባው፤ በበጋም ቀዝቃዛ ነው። ለማቀዝቀዣ ማሽን አቅም ለሌለው ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም ብዬ፣ ደሴ ያሉ በያጆች የሠሩልኝን ሦስት የብረት ጋኖች እዚያ አስገባሁ።

አብራኝ የምትሠራው የእናቴ እህት የሺእመቤት ናት። እትዬ የሺ ከውጫሌ በላይ፣ አምባሰል ደጋው ላይ አርባ ዓመት ጠላ ስትጠምቅ የኖረች ሴት ናት። ብቅሉን ጨበጥ አድርጋ፣ አንዷን ፍሬ በጥርሷ ሰብራ «ይህ አንድ ቀን ይቀረዋል» ካለች፣ የእኔ መለኪያም በማግስቱ ያንኑ ይለኛል። «አንቺ በቁጥር፣ እኔ በአፍንጫ» እያለች ትስቅብኝ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ደሳለኝ ግንበኛ ነው፤ የቤቱን ጥገና እሱ ይዞልን ነበር።

አሁን ወደ ጋዙ ልምጣ። ጥንስስ ሲብላላ ጋዝ ያወጣል። ጠላም ቢሆን ያወጣል፤ ግን ጋኑ ሰፊ ቤት ውስጥ፣ በር እየተከፈተ እየተዘጋ ስለሚቀመጥ ማንም ልብ አይለውም። ምድር ቤት ሌላ ነው። ጋዙ ከአየር ይከብዳል፤ ቁልቁል ወርዶ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ ከዚያ እንደ ውሃ ከታች ወደ ላይ እየሞላ ይመጣል። ቀለም የለው፣ አይታይ። መሐሉ የገባ ሰው ሁለት ሦስቴ ሲተነፍስ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ «አውጡኝ» ለማለት እንኳ ፋታ አያገኝም።

ስለዚህ ከየጋኑ የሚወጣው ቱቦ ግድግዳውን በስቶ ወደ ውጭ መውጣት ነበረበት። ከመሬት ብቅ ያለው ብቸኛ ግድግዳ ግን በጎረቤታችን በጋሽ ይማም ግቢ በኩል ነው። ጋሽ ይማም ሐምሳውን ያለፉ ዓሣ አስጋሪ ናቸው። በአጠገባቸው የቢራ ቤት እንዳይከፈት ለቀበሌው ማመልከቻ አስገብተዋል። ከዚያ ወዲህ ሰላምታችን ራስ ከመነቅነቅ አላለፈም። እሳቸው ደጅ ሄጄ «ግድግዳውን በእርስዎ በኩል ልብሳው» ማለት ፈራሁ። ስለዚህ ቱቦዎቹን እዚያው ውስጥ ተውኳቸው። ወለሉ ላይ አንድ ቬንትሌተር አቆምኩና፣ ጋዙን እየሳበ በወፍራም ላስቲክ በደረጃው ሽቅብ ወደ መንገዱ በኩል እንዲያወጣ አደረግሁ። «እስከ ሐሙስ ነው» አልኩ ለራሴ። ሐሙስ ለፈቃድ የሚያዩን ሰዎች ይመጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ሁሉንም እናስተካክላለን።

ለእትዬ የሺና ለደሳለኝ የነገርኳቸው «ያለ እኔ እንዳትወርዱ» የሚል ብቻ ነው። ለምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም። ብነግራቸው እትዬ የሺ ትደነግጥና ወደ አገሯ ትመለሳለች ብዬ ሰጋሁ። ወሬው ከግቢ ቢወጣ ደግሞ «ሰው የሚገድል ቤት» ይባላል፤ ሳንከፍተው ይዘጋል። «ንጽሕናው እንዳይበላሽ ነው» አልኳቸው። እሺ አሉኝ።

የመጀመሪያውን ሙከራ እሑድ ጠነሰስን። ማክሰኞ ጠዋት የሦስቱም ጋኖች ጋዝ የቱቦው ጫፍ በተነከረበት ባልዲ ውሃ ውስጥ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ጌሾ አንሶን ስለነበር ወደ ውጫሌ ሄድኩ። ጌሾውን በማዳበሪያ ከረጢት አሳስሬ፣ አራት ሰዓት ገደማ ወደ ሐይቅ የሚመለስ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። መንገድ ከጀመርን በኋላ ከፊቴ የተቀመጠች ጥቁር ሻርፕ የለበሰች ወጣት ስልክ ታወራ ነበር።

«መብራት ሄደ? ኧረ ያረቢ! መቼ?... ሰዓት አለፈው? እንግዲህ ፍሪጁን እንዳትከፍተው በሏት።»

ወደ ፊት ጎንበስ አልኩ። «እህቴ፣ መብራት የሄደው የት ነው?»

«ሐይቅ ነው። እኛ ሰፈር ከሄደ ሰዓት አልፎታል አሉኝ።»

«ሰፈራችሁ በየት በኩል ነው?»

ስትነግረኝ ከእኛ ቤት በታች ያለው ሰፈር ነው። ሰዓት ካለፈው ቬንትሌተሩ ከቆመ ሰዓት አልፎታል ማለት ነው። ሦስት ጋን በሦስተኛ ቀኑ፣ በሚብላላበት ትኩሳት ላይ፣ በር በተዘጋ ምድር ቤት። ጭንቅላቴ ውስጥ የፋብሪካው ሒሳብ ሳልፈልገው መደመር ጀመረ።

እትዬ የሺ ጋ ደወልኩ። ይጠራል፤ አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ። እሷ ስልኳን አልጋ ላይ ጥላ ነው የምትውለው። ደሳለኝ ጋ ደወልኩ። መዶሻ ይሰማል።

«ደሳለኝ፣ የት ነህ?»

«ጣሪያ ላይ ነኝ፤ ቆርቆሮ እየመታሁ። ምነው?»

ሚኒባሱ ሙሉ ነው፤ ሰው ጠጋ ጠጋ ብሎ ተቀምጧል፤ ጆሮው ሁሉ እኔ ላይ ያለ መሰለኝ። እዚያ መሐል «ምድር ቤቱ ሰው ይገድላል» ማለት አፈርኩ። እስከ ዛሬ ሌሊት የሚያባንነኝ ቀጥሎ የተናገርኩት ነው። «ቬንትሌተሩ መሥራት አለመሥራቱን እይልኝ» አልኩት። ደረጃው አፍ ላይ ያለውን ላስቲክ በእጁ ነክቶ አየር መውጣቱን እንዲያይልኝ ነበር ያሰብኩት። ያሰብኩትን ግን አልተናገርኩም።

«እሺ» ብሎ ዘጋው።

ስልኩን ጭኔ ላይ አድርጌ ሁለት ደቂቃ ያህል ተቀመጥኩ። ከዚያ ምን እንዳልኩት በድንገት ገባኝ። ቬንትሌተሩ ያለው ታች ነው። እሱም ከጣሪያ ወርዶ፣ ምድር ቤት ገብቶ ሊያይ ነው! መልሼ ደወልኩ። አይነሳም። ደወልኩ። «የደወሉላቸው ደንበኛ» የሚለው ድምፅ መጣ፤ ኔትወርኩ ጠፍቷል።

«ሹፌር፣ በአላህ፣ በእግዚአብሔር፣ ትንሽ ፍጠንልኝ!»

«ምን ሁነሻል እህቴ?»

«ሰው... ሰው ታሞብኝ ነው።»

ሹፌሩ በመስተዋቱ አየኝና መኪናውን ለቀቀው። ወዲያው አንድ መታጠፊያ ላይ ከብት ከመንገዱ ዳር እስከ ዳር ሞልቶ ጠበቀን። ጡሩንባውን ነፋ፤ ከብቶቹ ቀስ አሉ። ያችን ሻርፕ የለበሰች ልጅ እጇን ይዤ እንደነበር ያወቅሁት ስንደርስ ነው። «አላህ ያሽርልሽ» አለችኝ። ጌሾውን ሚኒባሱ ላይ ረስቼ ወረድኩ። ባጃጅ ይዤ ቤት እስክደርስ አራት አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። የግቢውን በር ስገፋው ደሳለኝን ጣሪያው ላይ አየሁት። በሕይወት አለ! አልወረደም!

«ደሳለኝ! አልወረድክም?»

«ኧረ እኔ እጄ ተይዟል፤ ለእትዬ የሺ ነግሬያታለሁ። ጎመን እየከተፈች ስለነበር ዘግይታ፣ ቢላዋዋን አስቀምጣ አሁን ወረደች።»

«መቼ?»

«አሁን ነው እኮ። አንቺ ስትገቢ።»

የምድር ቤቱ በር ተከፍቷል። ነጠላዋ በሩ እጀታ ላይ ተንጠልጥሏል። «እትዬ! እትዬ የሺ!» ብዬ ጮህኩ። የመለሰልኝ የጋኖቹ ቡልቅታ ብቻ ነው። ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ጠበቅሁ። ታችኛዎቹ ደረጃዎች ላይ፣ እንደ ተቀመጠ ሰው ጀርባዋን ግድግዳው ላይ ደግፋ፣ ራሷን ወደ ትከሻዋ ጥላ አየኋት። አንድ እጇ ወደ ቬንትሌተሩ ተዘርግቷል።

ደሳለኝ ከጣሪያው ወርዶ ከኋላዬ ደርሶ ነበር። ሲያያት ገፍቶኝ ሊወርድ ሆነ። በሁለት እጄ ወገቡን አቀፍኩት።

«ልቀቂኝ! ወድቃ የለ እንዴ!»

«አትወርድም! ታች አየር የለም! ከወረድክ አንተም እዚያው ነህ!»

«አብደሻል? ልቀቂኝ መሲ!»

ክርኑን ጎኔ ላይ ሰነዘረው፤ አልለቀቅሁትም። ወደ ግድግዳው ገፍቼው መንገዱን ዘጋሁበትና ከኪሴ ክብሪትና ወረቀት አወጣሁ። ወረቀቱን አቀጣጥዬ ቁልቁል ወረወርኩት። እሳቱ ስድስተኛው ደረጃ አጠገብ ሲደርስ፣ ሰው እፍ ያለበት ይመስል ድርግም አለ። ደሳለኝ ያን ጊዜ ቆመ። ፊቱን አልረሳውም። መጀመሪያ ደረጃውን አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ። «ይህን ታውቂ ነበር?» አለኝ።

ትንፋሼን ያዝኩና ራሴ መውረድ ጀመርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራት። አምስተኛው ላይ ቆምኩ። እትዬ የሺ ከእኔ አራት ደረጃ ያህል ብቻ ትርቃለች፤ ከንፈሯ ሲጠቁር ይታየኛል። አንድ እርምጃ ተጨማሪ መራመድ ነበረብኝ። አልቻልኩም። ፈራሁና ትንፋሼን ለቀቅሁት። ዞሬ በእጅና በእግሬ እየዳህኩ ወጣሁ። ይህን በጽሑፍ ሳሰፍረው የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው።

ጩኸታችንን ሰምተው ጋሽ ይማም አጥሩን ዘለው ገቡ። መረባቸውን ሲጠግኑ ነበር መሰለኝ፣ ገመድ ትከሻቸው ላይ ነበር። ባለቤታቸው ከድጃም በበሩ በኩል እየሮጠች መጣች።

«ምን ሁናችኋል?»

«እትዬ የሺ ታች ወድቃለች! አየር የለም ጋሽ ይማም፤ የተነፈሰ ሁሉ ይወድቃል!»

ጎንበስ ብለው አዩ። «እንደ ውሃ ነው በይኛ።»

«እንደ ውሃ ነው።»

«ዓይንስ ያያል?»

«ያያል።»

«ታዲያ ከውሃው ይሻላል። ሐይቁ ሥር ዓይንም አያይ።»

እየተናገሩ ሸሚዛቸውን አወለቁ። የገመዱን አንድ ጫፍ ወገባቸው ላይ አሥረው፣ ሌላውን ለደሳለኝ ሰጡት። «ገመዱ ከላላ ጎትቱኝ» አሉ። ከዚያ ሦስት ጊዜ በረጅሙ ተነፈሱ፤ «ቢስሚላህ» ብለው አፋቸውን ገጠሙና ወረዱ። አይሮጡም። ውሃ ውስጥ እንዳለ ሰው ቀስ ብለው፣ ግድግዳውን በእጃቸው እየነኩ ነው የወረዱት። እትዬ የሺ ጋ ደርሰው ብብቷን ይዘው ሳቡ። አልመጣችም። ቀሚሷ የቬንትሌተሩ እግር ላይ ተጠምዶ ነበር። ደግመው ሳቡ። እኔ ከላይ ሆኜ የእሳቸውን ትንፋሽ በእኔ ደረት ውስጥ የምይዝ ይመስል መተንፈስ አቆምኩ። ባዶ እጃቸውን ተመልሰው በሩ አፍ ላይ በጉልበታቸው ወደቁ። ዓይናቸው ቀልቷል፤ አፋቸውን ከፍተው አየሩን ይጎርሱታል።

«አልቻልክም?» አለች ከድጃ እያለቀሰች። «ይማም፣ ይብቃህ! ልጆችህን አስብ!»

«ቢላ» አሉ።

ደሳለኝ ሮጦ ጎመን የተከተፈበትን ቢላዋ አመጣ። ጋሽ ይማም ከገመዱ ጥቅል ሁለተኛ ቆርጠው ያዙ፤ እንደገና ሦስቴ ተነፈሱ፤ ወረዱ። ቀሚሷን ሲቀዱት፣ ገመዱን በብብቷ ሥር ሲያዞሩት፣ ሲቋጥሩት አየሁ። መረብ የሚያስር ሰው እጅ ነው፤ አንዴም አልተሳሳተም። ገመዱን ነቅነቅ አደረጉት። ጎተትን። ጀርባዋ ደረጃው ላይ ሲንኳኳ አጥንቴ ውስጥ ይሰማኛል። እሳቸው ከሥሯ ሆነው ይገፋሉ። ግቢው ሣር ላይ ስናወጣት ፊቷ አመድ መስሏል፤ ደረቷ አይንቀሳቀስም።

ያን ጊዜ ሥልጠናዬ የት እንደነበር እንጃ፣ ተመለሰልኝ። አገጯን ቀና አድርጌ፣ አፍንጫዋን ይዤ በአፏ ተነፈስኩላት። ደረቷ ከፍ ዝቅ አለ። ደገምኩ። ከድጃ እግሯን ይዛ «ያ አላህ፣ ያ አላህ» ትላለች። ደሳለኝ ገመዱን ከብብቷ ሥር ይፈታል። ስንት ጊዜ እንደተነፈስኩላት አልቆጠርኩም። ድንገት ከጉሮሮዋ እንደ ማንኮራፋት ያለ ድምፅ ወጣ፤ አስመለሳት፤ ተነፈሰች። ከድጃ እልል ልትል አፏን ከፍታ እልልታው ልቅሶ ሆነባት።

ሐይቅ ጤና ጣቢያ ኦክስጅን ሰጧትና በአምቡላንስ ወደ ደሴ ላኩን። ሐኪሙ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ በመውደቋ እንደተረፈች ነገረኝ፤ ወለሉ ላይ፣ ጋዙ ይበልጥ በወፈረበት ተዘርራ ቢሆን አትተርፍም ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ሰው አላወቀችም። ሐሙስ ፈቃድ የሚያዩት ሰዎች መጥተው በሩ ተዘግቶ አግኝተው ተመልሰዋል፤ ትዝም አላለኝ። ዓርብ ጠዋት ዓይኗን ገለጠች። እኔን ለረጅም ጊዜ ካየች በኋላ «ጎመኑ ተሠራ?» አለችኝ። ከተቀመጥኩበት ተነስቼ ኮሪደር ወጥቼ አለቀስኩ።

እስክትጠነክር ጠብቄ ሁሉንም ነገርኳት። ጋዙን አውቅ እንደነበር፣ ሆን ብዬ እንደደበቅኋት፣ ያን ስልክ እኔ እንደደወልኩ። ትቆጣለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን የሚንቀጠቀጥ ቀኝ እጇን በግራዋ ያዘች። ያ እጅ እስከ ዛሬ ይንቀጠቀጣል።

«ትሸሻለች ብለሽ ነው?» አለችኝ።

«አዎ እትዬ።»

«አርባ ዓመት እሳት ሥር ነው የኖርኩት። አንድ ቀን ፈልቶ የገነፈለ የጌሾ ውሃ ጭኔን ልጦኛል፤ ጠባሳውን አይተሽዋል። በማግስቱ ጠምቄያለሁ። እሳት እንደሚያቃጥል አውቄ ነው አጠገቡ የኖርኩት። አንቺ ግን እንዳላውቅ አደረግሽኝ። ልጅ አድርገሽ ቆጠርሽኝ።» ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ሌላውን ይቅር ብዬሻለሁ። ይሄን ግን ቀስ ብዬ ነው።»

ሐይቅ ስመለስ ጋሽ ይማም ጋ ሄድኩ። ምን ብዬ እንደማመሰግናቸው አላውቅም ነበር። ደጃቸው ላይ ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ከለከሉኝ።

«ያ ቱቦ በየት ሊወጣ ነበር?» አሉኝ። ደሳለኝ ነግሯቸዋል ማለት ነው።

«በእርስዎ ግቢ በኩል።»

«ታዲያ ምነው አልጠየቅሽኝ?»

«እንቢ ይሉኛል ብዬ ነው።»

«እንቢ እልሽ ነበር» አሉ፣ ሳይሸፋፍኑ። «ለቢራ ብለሽ ብትጠይቂኝ ወላሂ እንቢ ነው። ሰው እንዳይሞት ብለሽ ብትጠይቂኝ ግን ምን እንደምል እንጃ። እሱን ጠይቀሽኝ አታውቂም።»

ማመልከቻቸውን አላነሱም። እኔም እንዲያነሱ አልለመንኳቸውም። ቀበሌው ተሰብስቦ ሲወያይ እሳቸው በግልጽ ተቃወሙ፤ እኔ ደግሞ በምድር ቤቱ የሆነውን ሁሉ ሳልቀንስ ተናገርኩ። ቢራ ቤቱ በመጨረሻ ሌላ ቦታ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ መስኮቶቹ ሰፋፊ የሆነ ከመሬት በላይ የተሠራ አዳራሽ ውስጥ እንዲሆን ተፈቀደልን። ብዙ ወር ዘገየን። ምድር ቤቱን ደሳለኝ በድንጋይ ደፈነው።

ይህን የምታነቡ ወገኖቼ፣ ቢራ የማትጠምቁ ብዙዎች እንደሆናችሁ አውቃለሁ። የውሃ ጉድጓድ የምትቆፍሩ፣ የእህል ጎተራና ጉድጓድ የምትወርዱ ግን አላችሁ። ጉድጓድ ውስጥ ሰው ወድቆ ካያችሁ፣ ወንድሜ ሊያደርግ እንደነበረው ዘላችሁ እንዳትገቡ። የወደቀውን የምትወዱት ከሆነ ቁሙ፤ ገመድ ጠይቁ፤ ሰው ጥሩ። መቆም ምን ያህል እንደሚከብድ እኔ አውቃለሁ። ከዚያ ቀደም ብሎ ደግሞ የምታውቁትን አደጋ አብሯችሁ ለሚሠራው ሰው ንገሩት። ይፈራብኛል ብላችሁ አትደብቁት። እኔን እስከ ዛሬ የሚያሸብረኝ አየሩ ብቻ አይደለም፤ የእኔው አፍ በሚኒባሱ ውስጥ መዘጋቱ ነው።

ባለፈው ሳምንት ለአዲሱ ቤት ሦስት ሠራተኞች ልንቀጥር ጠራናቸው። እትዬ የሺ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ብቅል ታያለች። ጋኖቹን ከማሳየቴ በፊት በር ላይ አቁሜ፣ ምን ምን ሊገድላቸው እንደሚችል አንድ በአንድ ነገርኳቸው። አንዷ ልጅ ፊቷ ተለዋወጠ፤ ቦርሳዋን አነሳች፤ «ይቅርታ እህቴ፣ እኔ አልችልም» አለችኝ። እስከ ዋናው መንገድ ሸኘኋትና ባጃጅ አስቆምኩላት። ስመለስ ሁለቱ እዚያው በሩ ላይ ቆመው ጥያቄ እያዘጋጁ ነበር። እትዬ የሺ ብቅሉን አስቀምጣ ልትሰማ ወደ እኛ ዞረች፤ እኔም አንዱንም ሳልዘል መመለስ ጀመርኩ።